የጉንፋን መርፌን ነገር አበላሽቶ ለመወሰን

ስለ ጉንፋን ክትባት አበላሽቶ ለመወሰን በቅድሚያ በሽታዎቹን መደባለቅ ያስፈልጋል። በካፋ ዞን፣ በቦንጋና በአካባቢዋ፣ ይህ ብዙ አያደክምም። ከክረምቱ ጭጋግ ጋር የመጣ ንፍጥ፣ ቡና ለቀማ ውሎ የገባ ሰው ሳል፣ አቧራ ያስነሳው ማስነጠስ፣ ሦስት ቀን ከመኝታ የማያስነሳ ትኩሳት፣ ሁሉም ጉንፋን ይባላሉ፤ የተረፈውን ብርድና ምች ይካፈሉታል። በሕክምናው ግን ኢንፍሉዌንዛ ራሱን የቻለ በሽታ ነው። ኤ እና ቢ በሚባሉ የቫይረስ ዓይነቶች ይመጣል፤ ድንገት ይጀምራል፤ ትኩሳቱ፣ ራስ ምታቱና ቁርጥማቱ ሰውን ከሥራ ያስቀራሉ። ተራውን ጉንፋን የሚያመጡት ሌሎች ቫይረሶች ሲሆኑ ክትባቱ እነሱን አይመለከታቸውም። ስህተት ፈላጊ፣ ማለትም አበላሽቶ መወሰን የሚሻ ሰው፣ ይህን ልዩነት ሳይሰማ ማለፍ ይኖርበታል። ከሰማው «እገሌ ተከትቦ አፍንጫው ፈሰሰ፤ ስለዚህ መርፌው አይሠራም» ለማለት አፉ ይያዛል፤ የሥራው ሁሉ መሠረት ደግሞ ይህች አባባል ናት።

ቀጥሎ የሚመጣው መርሳት ነው። በ1911 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ዓለምን ሲያዳርስ የነበረው ኢንፍሉዌንዛ ኢትዮጵያ ውስጥ «የኅዳር በሽታ» ተባለ። በአዲስ አበባ ብቻ የሟቹ ቁጥር ወደ 10 ሺህ ይገመታል፤ አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ መኰንን ራሳቸው ታምመው ነው የተረፉት። በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን፣ «ኅዳር ሲታጠን» እየተባለ፣ ቆሻሻ የሚቃጠልበት ልማድ ከዚያ መከራ ጋር ይያያዛል። የዚያን ጊዜ ሰው በጭስ መታመኑ አያስነቅፈውም። የሰው ኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ ተለይቶ የታወቀው በ1933 እ.ኤ.አ. ነው፤ ለሕዝብ የሚሰጥ ክትባት የተፈቀደው ደግሞ በ1945 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ነው። የዛሬው ሰው ይህ ማመካኛ ስለሌለው አላዋቂነቱን በራሱ ጥረት ማምረት አለበት። የሚመከረው ዘዴ ጭሱን አስታውሶ ሟቾቹን መርሳት ነው። ኅዳር በካፋ የቡና ለቀማ ጊዜ በመሆኑ፣ ሥራ የበዛበት ሰው ለመርሳት ብዙ አይለፋም።

አቋም ደግሞ ከሩቅ ቢመጣ ይመረጣል። ከዋሽንግተን ወይም ከሚኒያፖሊስ ዘመድ የላከው የቴሌግራም ድምፅ፣ ቦንጋ ጤና ጣቢያ ከተቀመጠችው ነርስ ቃል ይልቅ ክብደት ይሰጠዋል። በአሜሪካ የጉንፋን መርፌ መኸርና ብርድ በመጣ ቁጥር በየፋርማሲው ይሰጣል፤ ሠራተኞቹን የሚያስከትብ መሥሪያ ቤትም ብዙ ነው። እዚያ ያለ ሰው «ልከተብ ወይስ ልተው» ብሎ ቢሟገት የሚሟገትበት ነገር በእጁ አለ። በኢትዮጵያ ግን የወቅታዊ ኢንፍሉዌንዛ ክትባት በመደበኛው የክትባት ፕሮግራም ውስጥ የለም። በካፋ ወረዳዎች፣ በጊምቦም ሆነ በዴቻ፣ በጨናም ሆነ በአዲዮ፣ ለዚህ መርፌ ብሎ አዋቂውን ሰው በየቤቱ የሚጠራ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ አይመጣም። የፈለገው ሰው ራሱ ጠይቆ፣ አዲስ አበባ ካሉ የግል ጤና ተቋማት አፈላልጎ፣ ከኪሱ ከፍሎ ነው የሚያገኘው። ስለዚህ የካፋው ስህተት ፈላጊ ማንም ያልሰጠውን መርፌ በቁጣ እምቢ ይላል፤ ሳይጠራ የቀረ ሰው «ድግሱን ናቅሁት» እንደሚለው ማለት ነው። ይህ እምቢታ በዓይነቱ ከፍተኛው ነው። ገንዘብ አያስወጣም፤ አያሳምምም፤ ትክክል መሆኑን የሚፈትንበት ቀንም አይመጣም። ባለቤቱ ግን አቋም ያለው ሰው ተብሎ በየቡናው ይጠቀሳል።

የሚጠቀሰው ወሬ ስለ ጉንፋን መሆኑ ግዴታ አይደለም። በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮቪድ ታማሚ የታወቀው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ሲሆን፣ የኮቪድ ክትባት የተጀመረው በዓመቱ፣ መጋቢት 4 ቀን 2013 ዓ.ም. ነው። ያኔ ስለ መካንነት፣ ስለ ቺፕና ስለ ድብቅ ዓላማ የተወራው ሁሉ አንድ ቃል ሳይለወጥ ወደ ጉንፋን መርፌ ይዛወራል። የሁለቱ ክትባቶች ቫይረስም ታሪክም የተለያየ መሆኑ እንቅፋት አይሆንም። የተለመደው የጉንፋን መርፌ የተገደለ ቫይረስ ወይም የቫይረሱን ቁራጭ የያዘ በመሆኑ ጉንፋን ማስያዝ አይችልም፤ ክንድ ያሳምማል፣ አንድ ሁለት ቀን ድካምና ቀላል ትኩሳት ሊያመጣ ይችላል። በስህተት ፈላጊ አንደበት ይኸው የክንድ ሕመም «መርፌው ራሱ አሳመመው» ይሆናል፤ በሦስተኛው ሰው አፍ «አልጋ ላይ ጣለው»፣ በአምስተኛው ደግሞ ለቅሶ ይደርሳል።

ስለሌለው መርፌ በስፋት የተሟገተ ሰው ያለውን መርፌ ለመርሳት ጊዜ ያገኛል፤ የሥራው ረቂቅ ክፍል ይህ ነው። ኢንፍሉዌንዛ ሰውን ከሚገድልባቸው መንገዶች አንዱ፣ ቫይረሱ ባደከመው ሳንባ ላይ ባክቴሪያ ገብቶ የሚያመጣው የሳንባ ምች ነው። ከእነዚህ ባክቴሪያዎች አንዱን፣ ኒሞኮከስ የሚባለውን፣ የሚከላከለው ክትባት ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ በመደበኛው የሕፃናት ክትባት ውስጥ አለ። ሌላ አንዱን የሚከላከለው ደግሞ አምስት በሽታ በአንድ መርፌ በሚይዘው ፔንታቫለንት ውስጥ ይገኛል። ሁለቱም በ6ኛው፣ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት በነፃ ይሰጣሉ፤ የኩፍኝ ክትባት በ9ኛው ወር ይጀምራል። ስለ አሜሪካ መርፌ ሲከራከር ያመሸ አባት የልጁ የክትባት ካርድ የት እንደገባ ሲጠየቅ ዝም ካለ፣ ሥራው በሚገባ እየሄደለት ነው። አሥራ አራተኛው ሳምንት ከገበያ ቀን ጋር ከተጋጨ ገበያው ይቅደም። ሁለት ዶዝ የወሰደ ልጅ ሦስተኛው ይቀርበታል፤ «ሁለት ጊዜ ተወግቶ የለም ወይ» የሚለው ጥያቄ ለዚህ ሁሌም ዝግጁ ነው።

መርፌውን ማግኘት የሚችለው ጥቂት ሰውም ቢሆን የሚሳሳትበት መንገድ አያጣም። በመጀመሪያ ጊዜውን ይጠብቃል። የጉንፋን ቫይረስ መልኩን ስለሚለዋውጥ የዓለም ጤና ድርጅት በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በየካቲት ለሰሜኑ፣ በመስከረም ለደቡቡ ንፍቀ ክበብ፣ ክትባቱ የትኞቹን ዝርያዎች መያዝ እንዳለበት ይመክራል። የአምናው መርፌ ለዘንድሮ የማይበቃው ለዚህ ነው፤ ጥበቃውም ከጊዜ ጋር እየደከመ ይሄዳል። ቦንጋ ከምድር ወገብ ሰባት ዲግሪ ያህል ብቻ ወደ ሰሜን ትገኛለች። እንዲህ ባሉ ቦታዎች የጉንፋኑ ወቅት እንደ አውሮፓው በአንድ የበረዶ ክረምት ተለይቶ አይታወቅም፤ የካፋ ዝናብ ራሱ የዓመቱን አብዛኛውን ክፍል ይይዛል። በዚህም የተነሣ «ገና ነው» የሚለውና «አሁንማ አለፈ» የሚለው ምክንያት በየትኛውም ወር ይሠራሉ፤ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለቱንም የተጠቀመ ሰው ቢገኝ አይገርምም። መርፌው መከላከያ የሚያበጀው ከሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ ስለሆነ፣ ለመከተብ ምርጡ የስህተት ቀን ቤተሰቡ በሙሉ ማሳል የጀመረበት ቀን ነው።

አዲስ አበባ ሄዶ መርፌውን ገዝቶ ወደ ቦንጋ ይዞ መመለስም አለ። ክትባቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መቀመጥ አለበት፤ ሙቀት ያዳክመዋል፣ በረዶ ከሆነ ደግሞ ይበላሻል። ከአዲስ አበባ በጅማ በኩል ቦንጋ ለመድረስ ወደ 450 ኪሎ ሜትር መንገድ አለ። ብልቃጡ በጃኬት ኪስ ውስጥ አውቶቡሱን ተሳፍሮ፣ ጅማ ላይ ምሳ ቆይቶ፣ ቤት ሲገባ «እንዳይበላሽ» ተብሎ ማቀዝቀዣው ውስጥ ከሥጋው ጋር በረዶ ቤት ይቀመጣል። በዚህ መንገድ ሁለቱንም ጥፋት በአንድ ቀን ማሟላት ይቻላል። ፈሳሹ ሲታይ ጤነኛ ስለሚመስል ማንም አይጠረጥረውም።

ማን ይከተብ የሚለው ጥያቄ ተገልብጦ መመለስ አለበት። የዓለም ጤና ድርጅት ቅድሚያ እንዲያገኙ የሚመክረው የጤና ባለሙያዎች፣ አረጋውያን፣ ነፍሰ ጡሮች፣ እንዲሁም አስም፣ ስኳር፣ የልብ ሕመም የመሰለ የቆየ በሽታ ያለባቸው ሰዎች ናቸው። ስህተት ፈላጊ ግን መርፌውን ለጎረምሳው ይሰጣል፤ እሱ ነው ከተማ የሚሄደው፣ እሱ ነው ገንዘብ ያለው። አያት «ከዚህ በኋላ ምን ያደርግላቸዋል» ይባላሉ። ነፍሰ ጡሯ «በዚህ ሁኔታዋ መርፌ አይነካትም» ተብላ ትታለፋለች፤ በእርግዝና ጊዜ ኢንፍሉዌንዛ የሚጠናው በእሷ ላይ መሆኑ አይነሣም። ከስድስት ወር በታች ያለ ሕፃን የጉንፋን ክትባት ስለማይሰጠው፣ ዋነኛ ጥበቃው እናቱ በእርግዝናዋ ከተከተበች ከእሷ የሚያገኘው ነው። ይህን ማወቅ ውሳኔውን ሊያቃናው ስለሚችል በተቻለ መጠን ከቤቱ ይራቅ። በእውነት መርፌውን መተው ያለበት፣ ቀደም ሲል ተከትቦ ሕይወቱን የሚያሰጋ አለርጂ የተነሣበት ሰው ነው፤ እሱ ደግሞ ሳይናገር ቢሰለፍ ለጽሑፉ ዓላማ ይጠቅማል። እንቁላል የማይስማማው ሰው በብዙ አገሮች መመሪያ ዛሬ ይከተባል፤ ቢሆንም የእንቁላሉ ወሬ ጥሩ ስለሆነ ይቀጥል።

ቁጥርን በሚመለከት አንድ ዘዴ ይበቃል። ክትባቱ ከሚዞረው ቫይረስ ጋር በሚገጥምበት ዓመት ሐኪም ዘንድ የሚያደርስ ጉንፋንን ከ40 እስከ 60 በመቶ ይቀንሳል። ይህ «ግማሹን እንኳ አይከላከልም» ተብሎ ይነገር። በዓለም ላይ ወቅታዊ ኢንፍሉዌንዛ በየዓመቱ ከ290 ሺህ እስከ 650 ሺህ ሰው በመተንፈሻ ሕመም እንደሚገድል የሚገመተው ግን አብሮ አይነሣ።

ጉንፋኑ ሲመጣ መልሱ መድኃኒት ቤት ነው። አሞክሳሲሊን ተገዝቶ፣ ሦስት ፍሬ ተውጦ፣ የተረፈው ለጎረቤት ይቀመጣል። መድኃኒቱ ባክቴሪያ እንጂ ቫይረስ ስለማይነካ ጉንፋኑ አይሰማውም፤ በሽተኛው በራሱ ጊዜ ሲሻለው ምስጋናው ለካፕሱሉ ይደርሳል። ትኩሳት ለያዘው ልጅ አስፕሪን መስጠት የበለጠ የተሟላ ስህተት ነው፤ በኢንፍሉዌንዛ የታመመ ልጅ አስፕሪን ሲወስድ አንጎልንና ጉበትን የሚጎዳ፣ ብዙ ጊዜ የማይታይ ግን የሚገድል ሕመም ሊከተለው ይችላል። በዳማከሴና በዝንጅብል ላይ የሚነገር ክፉ ነገር የለም። የካፋ ማርም ለሳል ማስታገሻነቱ የተመሰከረለት ነው። ማርን ወደ ስህተት ለመለወጥ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ማላስ ያስፈልጋል፤ በማር ውስጥ ሊኖር የሚችል ባክቴሪያ በሕፃን አንጀት ውስጥ የሚያሽመደምድ መርዝ ያመርታል። ትንፋሹ የፈጠነ፣ ደረቱ ወደ ውስጥ የሚገባ፣ ከንፈሩ የጠቆረ ልጅ «እስኪ ነገን እንይለት» ይባላል፤ የቦንጋው ገብረጻድቅ ሻዎ ሆስፒታል የትም አይሄድም ተብሎም ይታሰባል። ልጁ እስኪደርስ እንደሚጠብቅ ማንም ዋስትና አልሰጠም።

እስከዚያው የታመመው ሰው ከማኅበራዊ ኑሮ መለየት የለበትም። ትኩሳት ይዞት የማሽቃሮ በዓል ላይ ይገኛል፤ ለቅሶ ደርሶ ሁሉንም ይስማል፤ አራስ ጠይቆ ሕፃኑን ያቅፋል። ውሽውሽ ሻይ ልማት ላይ ከሰው ጎን ለጎን ይለቅማል፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከሆነ የመኝታ ክፍል ጓደኞቹን ያስይዛል። የጤና ባለሙያ ከሆነማ ጭምብሉን አገጩ ላይ አድርጎ ተረኛ ይገባል፤ በሽታውን ለተዳከመ ሰው ለማድረስ ከዚህ የተሻለ ቦታ የለም።

በመጨረሻ ውጤቱ ይመዘገባል። ሳይከተብ ጤነኛ የከረመ ሰው ክትባቱ እንደማያስፈልግ አረጋግጧል። ሳይከተብ ታምሞ የተነሣው በሽታው ቀላል መሆኑን አረጋግጧል። ተከትቦ ጤነኛ የሆነው ድሮም አይታመምም ነበር፤ ተከትቦ የታመመው መርፌው ውሸት መሆኑን አሳይቷል። ይህ መዝገብ ከየትኛውም ዓመት ጋር የሚስማማ ሲሆን አንድ ዓምድ ብቻ ይጎድለዋል። የኢንፍሉዌንዛ ምርመራ በኢትዮጵያ የሚካሄደው በተመረጡ ጤና ተቋማት ከሚወሰድ ናሙና ነው፤ ከጌሻ ወይም ከቢጣ ጎጆ ውስጥ ከሚያስሉ አያት ናሙና የሚወስድ የለም። በሁለተኛው ሳምንት ሲያርፉ ዕድሜያቸው ይጠየቃል፤ ሰባውን ማለፋቸው ከተነገረ በኋላ ሌላ ጥያቄ አይነሣም።