«በት ግን» ባዩ ወዳጃችን

«እንግሊዝኛ ጣል የማያደርግ ሰው የተማረ አይመስልም» አልክ አሉ። አንተማ መች ጣል አደረግከው? ጣልከው እንጂ! እስቲ እኛ እናንሳው። ጎበዝ፣ ቀረብ በሉ!

ትናንት ማኪያቶህን እያማሰልክ «መምጣት ፈልጌ ነበር፣ በት ግን አልተመቸኝም» አልክ። በት ማለት ግን ነው። ግን ላይ ግን ምን አስደረበህ? ቡታጅራ እኮ ይህን ያህል አይበርድም! ወዲያው «ሶ ስለዚህ» አስከተልክ። «ኢቭን እሱ ራሱ» ጨመርክ። ማሳረጊያው ደግሞ «ኦንሊ ብቻ» ሆነ። ብቻ የሚለው ቃል እንኳ አንተ አፍ ውስጥ ብቻውን መሆን ፈራ!

የቡታጅራ ነጋዴ ለአንድ ዕቃ ሁለት ጊዜ አያስከፍልም። አንተ አንዱን ሐሳብ ሁለቴ ትሸጥልናለህ፣ ያውም ያለ ደረሰኝ።

«አማርኛ አልበቃ ብሎኝ ነው» ትላለህ። ሁለት ቋንቋ የሚሞላ ምን ያህል ሐሳብ ቢኖርህ ነው? ገበያ ውረድና የማረቆ በርበሬ የሚሸጡትን እናት ስማቸው። ለመስቃኑ በመስቃንኛ፣ ለስልጤው በስልጢኛ፣ ከአዲስ አበባ ለመጣው በአማርኛ ዋጋ ይቆርጣሉ። ሦስት ቋንቋ፣ አንድም ድርብ ቃል የለም። አንተ በአንድ ተኩል ቋንቋ ትደናቀፋለህ።

የውጭ ቃል ጠልተን ነው ብለህ ደግሞ እንዳታሳብብ። ፍሬን፣ ካምቢዮ፣ ጎሚስታ ከጣልያንኛ የመጡ ናቸው፤ ዛሬ መናኸሪያው ውስጥ የማያውቃቸው የለም። ሥራ ይዘው ነዋ የሚኖሩት! ረዳቱ እንዳንተ «ፍሬን ማቆሚያውን ያዝ» ብሎ እስኪጨርስ ቢጠበቅ ኖሮ ገደል ገብተን ነበር።

ሱቅህ ስንመጣማ ባሰብህ። ብስኩቱን ገልበጥ አድርገህ «ኤክስፓየርድ ዴቱ ገና ነው» አልከን። ኤክስፓየርድ ያለፈበት ማለት ነው። ያለፈበት ቀን እንዴት ገና ይሆናል? ብስኩቱስ ደኅና ነው፤ የተበላሸው እንግሊዝኛህ ነው። «ማብቂያ ቀኑ» ብትል ምላስህ ያልቅብሃል?

የሁሉ ቁንጮ ግን የዚያን ዕለት ማታ ያልከው ነው። ከሥራ ደክሞህ መጣህና ወንበር ስበህ «አይ አም ቦሪንግ» አልክ። ደብሮኛል ማለትህ ነበር። ያልከው ግን «እኔ ደባሪ ነኝ» ነው። ወዳጄ፣ እኛ መች ተከራከርንህ? ደብሮኛል ለማለት የሚባለው ቦርድ ነው። ቦርድ ስልህ ደግሞ ሰብሳቢው እኔ ልሁን እንዳትል!

እንግሊዝኛ ተማር፣ እሰየው፤ ግን አጥርተህ ተማረው። ስትናገረው ከዳር እስከ ዳር ተናገረው፤ አማርኛውንም እንደዚሁ። መልስ ካለህ ነገም እዚሁ ነን። በፈለግከው ቋንቋ ና፣ በአንዱ!