ትንሽ ነው የሚነዝረው

ሰበታ፣ ቡራዩ ወይም ሱሉልታ ቤት ተከራይቶ የኖረ ሰው ይህን መልስ ያውቀዋል። «እትዬ፣ ቧንቧው ይነዝራል እኮ» ስንል «ትንሽ ነው የሚነዝረው፤ ጫማ አድርገህ አትከፍተውም እንዴ ልጄ?» እንባላለን። ጥፋተኛው ሽቦው መሆኑ ቀርቶ በባዶ እግራችን የቆምነው እኛ ሆነን እናርፈዋለን። ምን እናድርግ፣ የሰው ቤት ነው፤ ነጠላ ጫማችንን አጥልቀን ፊታችንን እንታጠባለን።

የሚነዝርበት ምክንያት ተፈልጎ የሚታጣ አይደለም። ግቢው ሙሉ ሰርቪስ ቤት ነው፤ ቆጣሪው ግን አንድ ነው። ከዋናው ቤት የተሳበች ቀጭን ሽቦ በመስኮት ወጥታ፣ በቆርቆሮው ጠርዝ ተንጠላጥላ፣ ምስማር ላይ ተጠምጥማ ሁላችንንም ታዳርሳለች። ስትዘረጋ የታሰበችው ለአምፖል ነበር። ዛሬ ፍሪጅ ትሸከማለች፣ ካውያ ትሸከማለች፣ ቅዳሜ ደግሞ ምጣድ ትሸከማለች፤ ምጣድ ብቻውን ሦስት አራት ኪሎ ዋት ይበላል። ፊውዙ በተቃጠለ ቁጥር የሰፈሩ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ይጠራል። እሱም በፊውዙ ቦታ የመዳብ ክር ጠምዝዞ ያስርና «በቃ፣ ከእንግዲህ አይጠፋም» ይላል። እውነቱን ነው። እንዲጠፋ የተሠራውን ነገር አውጥቶ ጥሎታልና ቤቱ ቢቃጠል እንኳ መብራቱ አይጠፋም። «የመሬት መስመርስ?» ብለን ብንጠይቅ «ቤቱ ታዲያ የቆመው ሰማይ ላይ ነው?» ተባልን።

ብርዱ ሲመጣ ሌላ ጣጣ ነው። ሱሉልታ ከእንጦጦ ጀርባ ረግረጋማ ሜዳ ላይ የተዘረጋች ናትና የሐምሌ ብርዷ አጥንት ይገባል። ስቶቭ እንዳንሰካ ቆጣሪ ይበላል ተብለናል። ስለዚህ ከሰል እናስገባለን። ከሰል ካስገባን መስኮት መክፈት አለብን። መስኮቱ ግን ለሌባ ተብሎ በላሜራ ተበይዷል። በሩን እንዳንከፍት ብርድ ነው፤ እንዲያውም ከሥሩ ያለውን ክፍተት በጨርቅ ወትፈነዋል። ከሰሉ የሚተፋው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለው፣ ቀለም የለው፤ ሰው እንቅልፍ የጣለው መስሎት በዚያው ይቀራል። የአዲስ አበባ እሳትና አደጋ ሥጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን ከሰል አቀጣጥሎ መተኛት እንደሚገድል ደጋግሞ ያስጠነቅቃል። ምክሩ ልክ ነው፤ የሚጠቅመው ግን መስኮት ላለው ሰው ነው።

ቤቱ የቆመበት ጥቁር አፈር ደግሞ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፤ ግድግዳውም አብሮት። አከራዩ ስንጥቁን በጀሶ ይሞላዋል፣ ሻጋታውን በቀለም ይሸፍነዋል፣ ኪራዩን ይጨምራል። ይህ «እድሳት» ይባላል። አሁን አሁንማ አዲስ ቀለም ሲሸተን ደስ መሰኘት ትተን «ምን ደብቀው ይሆን?» ማለት ጀምረናል። ፎቅ ያለው ቤት ከሆነ ደረጃው መደገፊያ የለውም፤ ለምን ቢባል ሌላ ፎቅ ሊጨመር ስለታሰበ ነው። ብረቱ ጣሪያው ላይ ሽቅብ እንደ ቆመ ዝጎ፣ የሚጨመረው ፎቅ ሳይመጣ፣ የተከራይ ልጅ ከደረጃው ይወድቃል። የውሃ ጉድጓዱ ክዳን ቁራጭ ቆርቆሮና አንድ ድንጋይ ነው፤ ሽንት ቤቱ እዚያው አጠገቡ። ለመጠጥ አይደለም፣ ለልብስ ነው ይሉናል። የቧንቧው ውሃ በጠፋ ሳምንት ግን ሁሉም ጀሪካኑን ይዞ የት እንደሚሰለፍ እናውቃለን።

ቤታችንን የሚያይ ሰው የለም እንዳይባል፣ አለ። ቆጣሪ አንባቢው ቆጣሪውን ያያል፤ ሽቦውን አያይም። የቆሻሻ ክፍያ ሰብሳቢው ደረሰኙን ያያል። በ2015 ሦስቱ ከተሞች ከሌሎች ጎረቤቶቻቸው ጋር ሸገር ከተማ ሲሆኑማ ቤት የሚያይ በዛ። የሚጠየቀው ግን ካርታ ነበር፤ የሌለው ብዙ ቤት ፈረሰ። ካርታ ያለው ቤት ቢነዝርም ሕጋዊ ነው፣ ካርታ የሌለው የጨረቃ ቤት ባይነዝርም ሕገ ወጥ ነው።

ሕግስ ቢሆን መች ጠፋ? የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ሕንፃዎችን በሦስት ምድብ ከፍሎ፣ የሕንፃ ሹም የሚባል ሰው መድቦ አስቀምጦልን ነበር። የኪራይ አዋጁ ቁጥር 1320/2016 ደግሞ ውሉ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያውም ከሁለት ወር እንዳይበልጥ ይላል። ደግ አዋጅ ነው። ይሁን እንጂ ስለ ሶኬቱ አፋችንን ስንከፍት «ልጄ ከውጭ ሊመጣ ነው፣ ቤቱን እፈልገዋለሁ» የሚለው ወሬ ይጀመራል። ስለ ሶኬቱ ዝም ስንል ልጁ ከውጭ መምጣቱን ይተዋል።

እንግሊዞች በ2004 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ባወጡት ሕግ መሠረት ባለሙያ ቤት ገብቶ 29 ዓይነት አደጋ ይፈልጋል፦ እርጥበት፣ ብርድ፣ ጭስ፣ መብራት፣ መውደቅ፣ መጨናነቅ። ይህ ሰው ቡራዩ ቢመጣ ከግቢው በር ሽንት ቤቱ ሳይደርስ 29ኙን ይጨርስና ተጨማሪ ወረቀት ይጠይቃል። ደላላው ደግሞ ከኋላው እየተከተለ «ጌታዬ፣ ለኪራይ ነው ለግዢ?» ይለዋል።

ባለሙያው ስለማይመጣ ምርመራውን ራሳችን ይዘነዋል። ቤት የምናየው ዝናብ ሲዘንብ ነው፤ ኮርኒሱን ቀና ብለን እናያለን፣ ግድግዳውን እናሸታለን፣ ኪሳችን ውስጥ ቴስተር አለ። ባለፈው ሰበታ አጠገብ፣ ዓለም ገና ላይ፣ አንዱን ቤት እንዲህ ስንመረምር ደላላው ትዕግሥቱ አልቆ «ወንድሜ፣ ልትኖርበት ነው ወይስ ልትከሰው?» አለ። ቴስተሩን ከሶኬቱ ሳናወጣ ከኋላችን የቆመው ሰው ቀብድ ከፈለ። ቤቱ ውስጥ አልገባም፤ በር ላይ ሆኖ ነው የከፈለው።