ሒሳቡን ማን ከፈለው?

አክስቴ ዘንድ ሰው ያላለቀሰበት ፊልም የመብራት ብክነት ነው። የእህቴ ልጅ ደግሞ በመጀመሪያዎቹ አሥር ደቂቃዎች መኪና ካልተገለበጠ ስልኩን ያወጣል። ሁለቱን የማሸማግለው እኔ ነኝ፤ የተመረጥኩትም በጥበብ እውቀቴ ሳይሆን መብራቱን ከፋይ በመሆኔ ይመስለኛል። ሚዛኔም የከፋይ ሚዛን ሳይሆን አይቀርም። ጀግናው አሸነፈ አላሸነፈ ብዙም አያስጨንቀኝም፤ እኔ የምከታተለው ሒሳቡን ማን እንደከፈለ ነው።

የጀብዱ ፊልም ጀግና ሲባረር መንገዱ ምን ጊዜም በገበያ በኩል ነው። ቲማቲም ይደፋል፣ የሐብሐብ ክምር ይናዳል፣ ጀግናው ዘሎ ይሄዳል፣ ካሜራውም ተከትሎት ይሄዳል። እኔ ግን ከባለ ቲማቲሙ ጋር እቀራለሁ። ሰውየው የዛሬውን ዕቁብ በምን ሊጥል ነው? በፈረንጆቹ 1981 የወጣውን የስቲቨን ስፒልበርግን የመጀመሪያ የኢንዲያና ጆንስ ፊልም ያየን ዕለት ነገሩ ባሰ። ኢንዲያና ካይሮ ገበያ ውስጥ ወዳጁን ፍለጋ ያገኘውን ቅርጫት ሁሉ ይገለብጣል። የባለ ቅርጫቶቹ ስሞታ ሳይሰማ ታሪኩ ወደ ታኒስ ያልፋል፤ እዚያ አሸዋ ተምሶ የሚፈለገው ደግሞ ታቦተ ጽዮን ነው። አክስቴ ነጠላዋን አጣፋች።

"ታቦቱ አክሱም ተቀምጦ ይኼ ሰውዬ ግብጽ ምን ይቆፍራል?"

"እማማ፣ ፊልም እኮ ነው።"

"ፊልምስ ቢሆን ሰው አይጠይቅም?"

መጨረሻ ላይ ታቦቱ በእንጨት ሣጥን ታሽጎ የአሜሪካ መንግሥት መጋዘን ሲገባማ፣ ተነሥታ ወጥ ልታማስል ሄደች።

ለአክስቴ ወገን ያደላሁ እንዳይመስል፣ የእሷም ፊልሞች በሒሳብ በኩል ንጹሕ አይደሉም። ብዙዎቹ የአማርኛ የፍቅርና የቤተሰብ ድራማዎች ሥራው ምን እንደሆነ በማይታወቅ ወጣት ቪላ ውስጥ ይጀምራሉ። ካፌ ገብተው ማኪያቶ ያዝዛሉ፤ ማኪያቶው እንደመጣ ይጣላሉ፤ አንደኛቸው ሒሳብ ሳይጠይቅ ብር ጠረጴዛው ላይ ጥሎ ይወጣል። መልስ ሲቀበል ያየሁት ገጸ ባሕርይ የለም። ማኪያቶው ደግሞ አልተነካም! ቀጥሎ ሆስፒታል ነው። ሐኪሙ ጓንቱን እያወለቀ ብቅ ይላል፣ ራሱን ይነቀንቃል፣ አክስቴ መሐረቧን ታወጣለች። የአልጋ ክፈሉ የተባለ ቤተሰብ ግን የለም። የኑሮን ጣጣ ላሳይ ብሎ ተነሥቶ አንድም ዋጋ ሳይጠራ የሚያልቅ ድራማ፣ ለእኔ ከሚበር መኪና የበለጠ ተረት ነው።

ራምቦን በልጅነቴ ያየሁት ቪዲዮ ቤት ነው፤ መስኮቱ በብርድ ልብስ ተጋርዶ፣ አግዳሚው ላይ ተጣበን። ገጸ ባሕርያቱ ወሬ ሲያበዙ "አሳልፈው!" ብለን እንጮኻለን፣ ባለ ቪዲዮውም ካሴቱን ያስሮጠዋል። ስለዚህ ራምቦ መናገር እንደሚችል ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው። የ1982ቱን የመጀመሪያ ፊልም ሳይዘለል ስናየው ጠቡ የተነሣው በምሳ ሆኖ ተገኘ። ከቬትናም የተመለሰ ወታደር አንዲት ትንሽ ከተማ ደርሶ የሚበላ ነገር የት እንደሚገኝ ይጠይቃል፤ የፖሊስ አዛዡ ወስዶ ከከተማው ውጭ ይጥለዋል። ያ ሁሉ ጥይት ተንጣጥቶ የሚሞተው አንድ ሰው ብቻ መሆኑን ስነግረው የእህቴ ልጅ ሊያምነኝ አልፈለገም። መጨረሻ ላይ ያ ደንዳና ሰውዬ ተንሰቅስቆ ያለቅሳል፤ ጦር ሜዳ ሚሊዮን ዶላር የሚያወጣ መሣሪያ በአደራ ይሰጠው የነበረ ሰው፣ አገሩ ገብቶ መኪና የማቆም ሥራ እንኳ አልበረከተለትም።

"ጉርሻ ቢጤ ቢሰጡት ምን ነበረበት?" አለች አክስቴ፣ ዓይኗን እየጠረገች።

በፈረንጆቹ 2014 በሰንዳንስ የፊልም ፌስቲቫል ላይ የተመልካቾች ሽልማት ያገኘውን የዘረሰናይ ብርሃኔ መሐሪን "ድፍረት" ስከፍት ደግሞ የእህቴ ልጅ ሊነሣ ነበር፤ ፈረሰኞቹ ሲመጡ ተቀመጠ። ከትምህርት ቤት ስትመለስ የተጠለፈችው ልጅ ጠመንጃ አንሥታ ስታመልጥ ትንፋሹን ዋጠ። የቀረው የሕግ ሙግት ነው፤ አንዲት ተኩስ የተኳሿን ሕይወት ምን እንደምታስከፍላት ፊልሙ እስከ መጨረሻው ይቆጥራል። በጀብዱ ፊልም ስንቱ ጥይት ነው መዝገብ ሳይከፈትለት የሚያልፈው! ልጁም ስልኩን አላወጣም።

ሁለቱን ያስማማልኛል ብዬ በመጨረሻ ያመጣሁት የቪቶሪዮ ዴ ሲካን "የብስክሌት ሌቦች" ነው፤ የ1948 ሥራ። ጥቁርና ነጭ መሆኑን ሲያዩ ሁለቱም በዳኝነቴ ተጠራጠሩ። ከጦርነቱ ማግሥት ሮም ውስጥ አንድ ሰው ፖስተር የመለጠፍ ሥራ ያገኛል። ሥራው ብስክሌት ይፈልጋል፣ ብስክሌቱ በመያዣ ተይዟል። ሚስቱ አንሶላዎቹን ከአልጋ ገፍፋ ታስይዝና ብስክሌቱ ይወጣል፤ በመጀመሪያው የሥራ ቀን ይሰረቃል። ከዚያ በኋላ አባትና ልጅ ከተማውን ሲያስሱ መዋል ነው። አባትየውን የተጫወተው ላምበርቶ ማጆራኒ የፋብሪካ ሠራተኛ ነበርና ፊቱ ላይ የወር መጨረሻ ይነበባል። ምግብ ቤት ተቀምጠው እንኳ ልጁን ደመወዝ ያስደምረዋል፤ እዚህ ላይ ተነሥቼ ላጨበጭብ ምንም አልቀረኝ።

ሌባው ሲሮጥ የእህቴ ልጅ ከወንበሩ ተነሥቶ "ያዘው! ያዘው!" አለ፤ አንድም መኪና አልተገለበጠም። አክስቴ ብስክሌቱን በሰንሰለት አላሰረም ብላ ሰውዬውን እስከ መጨረሻው ስትወቅሰው ቆየች። አባትና ልጅ እጅ ለእጅ ተያይዘው ሕዝቡ መሐል ገብተው ፊልሙ ሲያልቅ ግን መሐረቧን አላወጣችም።

"አንሶላዎቹስ?" አለች።

"የምን አንሶላ፣ እማማ?"

"መያዣ የተያዙት ናቸዋ! አሁን ማን ሊያወጣቸው ነው?"

"ክፍል ሁለት ይኖረው ይሆናል" አለ የእህቴ ልጅ፣ ሊፈልግላት ስልኩን እያወጣ።