ማሊያህን ሣጥን ቆልፍበት

አንተ ጎህ ሳይቀድ በአምበር ሜዳ የምትሮጥ ልጅ፣ የአሜሪካ ኮሌጅ ነፃ የትምህርት ዕድል ሰጥቶህ ልትሄድ ከሆነ፣ ስለ ብርዱና ስለ ምግቡ ሌሎች ይመክሩሃል። እኔ የምመክርህ ስለ ንብረትህ ነው። ማሊያ ሲሰጡህ ተቀበል፤ ቀለበት ሲያጠልቁልህ እጅ ንሣ። ከዚያ ሁሉንም ሣጥን ውስጥ ከተህ ቆልፍበት። ብቻ «የእኔ ነው» ብለህ እንዳታስብ።

ይህን ጎጃም ተቀምጦ መረዳት ያስቸግራል። ያመረትከውን ጤፍ ጭነህ ብቸና ብትወርድ፣ ሞጣም ድረስ ብትዘልቅ፣ ገዢው የሚጠይቅህ ዋጋውን ነው። «የገዛ ጤፍህን እንድትሸጥ ማን ፈቀደልህ?» የሚል አይገጥምህም። እዚያ ግን ይገጥምሃል። በ2010 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ያዝልኝ) የጆርጂያ ዩኒቨርሲቲው የአሜሪካ እግር ኳስ ተጫዋች ኤ ጄ ግሪን፣ ለብሶ የተጫወተበትን ማሊያ በ1,000 ዶላር ሸጠና 4 ጨዋታ ታገደ። እሱ ቅጣቱን ሲጨርስ የዩኒቨርሲቲው ሱቅ 8 ቁጥር ማሊያ እየሸጠ ነበር። 8 የግሪን ቁጥር ነው። ስለዚህ ማሊያ መሸጥ በራሱ ነውር እንዳይመስልህ። ነውሩ ያላበበት ሰው ሲሸጠው ነው።

ወርቅ ከሆነማ የባሰ ነው። ኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሚሺጋንን በረታ ቁጥር ለተጫዋቾቹ በሱሪ ቅርጽ የተሠራች ትንሽ የወርቅ ጌጥ ይሸልማል። (ለምን ሱሪ እንደሆነች አትጠይቅ፤ ተማሪ ነህ።) የቡድኑ ተጫዋች ቴሬል ፕራየርና አራት ጓደኞቹ ከእነዚህ ሱሪዎች፣ ከሻምፒዮና ቀለበቶቻቸውና ከማሊያዎቻቸው የሸጡት ተደረሰበት፤ በቅናሽ መነቀሳቸውም አብሮ ተያዘባቸው። ታኅሣሥ 2010 ላይ እያንዳንዳቸው 5 ጨዋታ ተቀጡ። ቅጣቱ ግን የሚጀምረው በቀጣዩ የውድድር ዘመን ነበር። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ አገር ምድሩ በቴሌቪዥን የሚያየው ሹገር ቦውል የሚባል ጨዋታ ነበራ! አምስቱም ተሰለፉ፤ ኦሃዮ 31 ለ26 አሸነፈ፤ ድሉ የተሰረዘው ኋላ ነው። ከዚህ የምትወስደው ትምህርት፦ የግድ ከሸጥክ፣ የሚነቃብህ ትልቅ ጨዋታ ሲቃረብ ይሁን።

ደግሞ ስምህን ፈልገህ ማሊያህ ላይ ብታጣው አትከፋ። የኮሌጅ ስፖርት የበላይ አካል የሆነው ኤን ሲ ኤ ኤ ማሊያዎቹን በቁጥር ብቻ ነበር የሚሸጠው፤ ቁጥር ደግሞ የማንም አይደለም። በ2013 ተንታኙ ጄይ ቢላስ የዚህኑ ድርጅት የኢንተርኔት ሱቅ ከፍቶ መፈለጊያው ላይ የተጫዋቾችን ስም ጻፈ። የየኮሌጃቸው ማሊያ ከነቁጥሩ ተደርድሮ መጣለት። ድርጅቱ አፍሮ ሽያጩን አቆመ።

«እንግዲያው ከአገሬ አልወጣም» ብትልም ስምህ ሊወጣ ይችላል። ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ ዓለምን ያስደነቀው አበበ ቢቂላ ነው፤ ስሙን ያወጣው ግን ጫማ ሠሪ ነው። ቪብራም «ቢቂላ» የሚባል ጣት ጣት ያለው ጫማ ለገበያ አቀረበ። የአበበ ቤተሰብ በ2015 አሜሪካ ፍርድ ቤት ከሰሰ፤ ዳኛው በ2016 «ዘግይታችኋል» ብለው ዘጉት። የባዶ እግር ገበያም አለ፤ በ2010 የሮምን ማራቶን ያሸነፈው ሲራጅ ገና፣ መጨረሻው ላይ ጫማውን አውልቆ ገባ፤ ለአበበ ክብር፣ ደግሞም ለዚሁ ለተመደበ 5,000 ዩሮ። ይህን ዋጋ ያዘው፣ እግርህ ላይ ግብር እስኪጣል ድረስ።

አሁን ደስ የሚልህን ልንገርህ። ከ2021 ወዲህ የኮሌጅ ስፖርተኞች በስማቸውና በምስላቸው እንዲነግዱ ተፈቅዶላቸዋል። ፊርማ ይቸበችባሉ፤ ማስታወቂያ ይሠራሉ። እልል ከማለትህ በፊት ግን ፓስፖርትህን ግለጥ። የምትገባው በኤፍ 1 የተማሪ ቪዛ ነው፤ እሱ ደግሞ ገንዘብ የሚያስገኝ ሥራን አጥብቆ ይገድባል። ስለዚህ አሜሪካዊው የቡድን ጓደኛህ ኳስ ላይ እየፈረመ ሲሸጥ አጠገቡ ቁምና እስክሪብቶ አቀብለው። አውሰው እንጂ እንዳታከራየው፤ ኪራይ ገቢ ነው።