ዝም ያሰኘሁት ባቡር

ሚዛን ተፈሪ ውስጥ ካሴት የሚበላ ቴፕ ያለው ሰው ወደ እኔ ይመጣል። ይመጣ ነበር ብል ይሻላል፤ ዛሬ ቴፕ ያለው ማን አለ? የአገራችን እርጥበት ላስቲኩን አላልቶ ሄዱን ሲያሻግተው፣ እኔ በአልኮልና በጥጥ ጠርጌ፣ ከብስክሌት ከመነዳሪ የቆረጥኩትን ላስቲክ ገጥሜ ስም አወጣሁ። ያ ስም ነው ጉድ የሠራኝ።

ጋሼ፣ የአክስቴ ባል፣ ብዙ ዘመን አሜሪካ ኖረው ሸኮ ወዳለው የቡና መሬታቸው የተመለሱ ሰው ናቸው። አንድ ቀን ካርቶን ይዘው መጡ። ውስጡ ላዮኔል የሚባለው የአሜሪካ መጫወቻ ባቡር አለ፤ ከነሐዲዱ፣ ከነትራንስፎርመሩ።

«መሄዱን ይሄዳል፤ ፉጨቱ ግን ሰንፏል። ለልጅ ልጄ አድስልኝ» አሉኝ።

«ቀላል ነው ጋሼ!»

ልብ በሉ፤ በፊልም ካልሆነ ባቡር ሲያፏጭ ሰምቼ አላውቅም። እኛ ዘንድ ሐዲድ ደርሶ አያውቅም፤ ንጋት ላይ ከቡናው ጫካ የሚጮኸው ጉሬዛ ነው።

የመጀመሪያው ጥፋቴ አምስት ሰከንድ አልፈጀም። የአሜሪካ መብራት 120 ቮልት፣ የእኛ 220 መሆኑን ስንቱን ደንበኛ ተቆጥቼ አስተምሬያለሁ! ትራንስፎርመሩን እንዳለ ሶኬቱ ላይ ሰካሁት። ባቡሩ ሳይጨስ ትራንስፎርመሩ ጨሰ።

ለጋሼ ትንፍሽ አላልኩም። የሞተር ሳይክሌን 12 ቮልት ባትሪ ፈትቼ ከሐዲዱ ጋር አገናኘሁት። ባቡሩ ሄደ! ፉጨቱም ጮኸ። ጮኸ፣ ጮኸ፣ አላቆም አለ። ውሻ አላዘነ፣ ጎረቤት በር ደበደበ።

ሦስት ሳምንት ሙሉ ያን ጉሮሮ ሳክም ከረምኩ። ፉጨቱ ያለው ከባቡሩ ኋላ በሚጎተተው የከሰል ጋሪ ውስጥ ነው። ትንሽ ሞተር ማራገቢያ ታዞራለች፤ ነፋሱ ርዝመታቸው በሚለያይ ጠባብ ክፍሎች ሲያልፍ ድምፅ ይሆናል። ዋሽንት በሉት፤ ነፊው ሞተር ሆነ እንጂ። አንድ ጠብታ ዘይት የሚበቃትን ሞተር የስፌት መኪና ዘይት እስክትጠግብ አጠጣኋት። ዘይቱ ካርቦኑ ላይ ሲደርስ ድምፁ ወደ ጉሬዛ አደላ። እኔም «የባቡር ድምፅ ይኸው ነው» ብዬ ደስ አለኝ።

ማቆሙን ግን አሁንም አላቆመም። የፉጨቱን ሞተር የምታበራውና የምታጠፋው ሪሌ ተጣብቃለች ብዬ ፈረድኩባት። ነካካኋት፣ በብርጭቆ ወረቀት ፈተግኋት፣ በመጨረሻ ሽቦዋን ቆረጥኩት። ጸጥ! ያን ሌሊት እንደ ጀግና ተኛሁ።

እውነቱ የገባኝ ከቆረጥኩ በኋላ ነው። ላዮኔል ይህን ፉጨት ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1935፣ ጣሊያን በወረረን ዓመት ነበር። ባቡሩን የሚነዳው ኤሲ፣ አቅጣጫውን የሚለዋውጠው ኤሌክትሪክ ነው፤ የሚጫወተው ልጅ የፉጨቱን ቁልፍ ሲጫን ሐዲዱ ላይ ዲሲ፣ ባለ አንድ አቅጣጫው ኤሌክትሪክ ይጨመራል፤ ሪሌዋም የምትነሳው ያን ዲሲ ስታገኝ ነው። ባትሪ ደግሞ ከዲሲ ሌላ ምን ያውቃል? «አፏጪ! አፏጪ!» እያልኩ ያለ ዕረፍት ያዘዝኳት እኔው፣ ታዛዥነቷን በሽታ ብዬ ጉሮሮዋን የቆረጥኩትም እኔው።

ጋሼ ሲመጡ በቅመም የፈላ የቡና ቅጠል ቀዳሁላቸው። ባቡሩ ኮሽ ሳይል ዞረ።

«ፉጨቱስ?»

«ጋሼ፣ አዲሱን የጅቡቲ ባቡር አያዩም? ኤሌክትሪክ ሆኗል። ባቡር ማፏጨት ትቷል እኮ!»

በወጣትነታቸው ከድሬዳዋ ለገሃር በባቡር የተመላለሱ ሰው ናቸው። መልስ አልሰጡኝም። ከሐዲዱ ሽቦውን በዓይናቸው ተከትለው ወንበር ሥር ከደበቅኩት ባትሪ ደረሱና ስኒያቸውን አስቀመጡ።

«ትራንስፎርመሬስ የት አለ?»