ቀይ በቀይ

ናይሮቢ ውስጥ ነዳጅ ቀድቶ ዝም ብሎ መሄድ የለም። ቀጂው ታንከሩ እስኪሞላ እጁ ሥራ እንዳይፈታ «ቦስ፣ ዘይትና ውሃ ልይልህ?» ይላል። እምቢ ካሉት ይቀየማል፤ እሺ ካሉት ሳይሸጥ የከረመ ጠርሙስ ይዞ ይመጣል። እዚህ ያለን ሐበሾች ምን እንደምናደርግ ታውቁታላችሁ፦ የኮፈኑን መክፈቻ ስቦ ወደ ስልክ ማቀርቀር። በስልክ፣ በኤምፔሳ ለሚከፍል ሰው ለነገሩ ማቀርቀር አይቀርለትም።

ንጎንግ ሮድ ላይ፣ ስሙን በማልጠራው ማደያ፣ ያቺ የማቀርቀሪያ ጊዜ ለቀጂው ልጅ በቃችው። ልጁ የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ከፍቶ ራዲያተሩ ውስጥ ጨመረ፤ የተረፈውን ደግሞ እንዳይባክን የኩላንቱ ማጠራቀሚያ ላይ ደፋው። የእኔዋ ቶዮታ ፊልደር ኩላንት ሮዝ ነው፤ ዘይቱ ቀይ ነው፤ ይዛመዳሉ ብሎ ነው መሰለኝ። ምን ያህል እንደጨመረ ብጠይቀው «ኪዶጎ ቱ» አለኝ፤ ትንሽ ብቻ። ጠርሙሱ ግን ባዶ ነበር።

ጎንበስ ብዬ አየሁ። በማጠራቀሚያው ፕላስቲክ ውስጥ እንደ ስፕሪስ ተደራርቦ ይታያል፤ ከላይ ደማቅ ቀይ፣ ከታች ፈዘዝ ያለ ሮዝ። እዚህ ላይ ቢቆም ነገሩ ቀላል ነበር። ዘይት ከውሃ በላይ ስለሚንሳፈፍ፣ ሞተሩ እስካልተነሳ ድረስ ከላይ መምጠጥ፣ የቀረውን በታች በኩል ማፍሰስና ማጠብ ነው። ይህን ለማደያው አለቃ ሳስረዳ፣ ልጁ በቅንነት መኪናዋ ውስጥ ገብቶ አስነሳትና ማራገቢያው እስኪጮህ ድረስ ነዳጅ ይረግጥ ጀመር። «እንዲዋሃድ ነው፣ ቦስ!»

መኪናዋም እንደ ልማዷ በጃፓንኛ ተናገረች። እዚህ የምንነዳው አብዛኛው የቤት መኪና ጃፓን አገልግሎ የመጣ ነው፤ ኬንያም ከ8 ዓመት በላይ የሆነውን አታስገባም። ከገባ ግን ከነቋንቋው ነው የሚገባው። ቁልፍ በዞረ ቁጥር አንዲት ጨዋ ሴት የኢቲሲ ካርድ አልገባም እያለች ታሳስባለች፤ የጃፓን የክፍያ መንገድ የሚከፈልበት ካርድ ነው። እግዜር ይስጣት፣ ተስፋ አትቆርጥም። ኮፈኑ ሥር የተለጠፈው ማስጠንቀቂያም በዚያው ቋንቋ ስለሆነ ልጁን አላነበብክም ብሎ መክሰስ አይቻልም።

ቀለሙን ግን ልብ በሉልኝ። የካምቢዮ ዘይት ሲፈጠር ቀይ አይደለም፤ ቀይ የተነከረው ሲንጠባጠብ ከሞተር ዘይት እንዲለይ ነው። ኩላንትም በራሱ ቀለም የለውም፤ ሮዝ ወይም አረንጓዴ የሚነከረው ሲያፈስ ከውሃ እንዲለይ ነው። ሁለቱም ከሌላ ጋር እንዳይምታቱ ተነከሩና እርስ በርሳቸው ተምታቱ።

ይህ ደግሞ የሆነው ሞተር ውሃ እንዲጠጣ ተብሎ በተቆረቆረ ከተማ ነው። ከሞምባሳ የተነሳው የኡጋንዳ ባቡር ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1899 እዚህ ሲደርስ ቦታው ረግረግ ነበር። እንግሊዞቹ ዴፖ የተከሉበት፣ ባቡሩ ከፊቱ ወዳለው ደጋና ወደ ስምጥ ሸለቆው ከመዝለቁ በፊት ውሃና ሜዳ ስላገኙ ነው። የእንፋሎት ባቡር ውሃ ካልጠጣ ንቅንቅ አይልም። መጀመሪያ ውሃው፣ ቀጥሎ ዴፖው፣ ቀጥሎ ገበያው፣ ቀጥሎ መንግሥቱ፣ ከዚያ የማታቱ ሚኒባሶች ጥሩምባ። የእኛም የጅቡቲ ባቡር እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ እስኪገባ በየጣቢያው እየተጎነጨ ነው የመጣው። ከባቡሩ ልማዱ ወደ ጭነት መኪናው ዞረ። ዓባይ በረሃን የተሻገረ ሁሉ ያውቀዋል፦ የጎሃ ጽዮን ዳገት ላይ ራዲያተር ሲፈላ ረዳቱ ጎማ ሥር ድንጋይ አስደግፎ ጀሪካን አንጠልጥሎ ይወርዳል። ውሃው የወንዝ ይሁን የጉድጓድ ማንም አይጠይቅም። ናይሮቢ ከባሕር ወለል በ1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ተራ ውሃ በ94 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ አዲስ አበባ ላይማ በ92 ገደማ። ሞተሩ ደግሞ የሚሠራው በዚያው ሙቀት አካባቢ ነው። ግፊት የሚይዘው የራዲያተር ክዳንና ኩላንቱ ባይኖሩ ኖሮ ሁላችንም እስከ ዛሬ ባለ ጀሪካን ነበርን።

ከምን ተነስቼ ነበር? አዎ፣ ዘይቱ።

ኪሪኛጋ ሮድ፣ ነባሮቹ ዛሬም ግሮጋን የሚሉት፣ የመኪና ዕቃ ሰፈር ነው። መኪናዋን እዚያ ወሰድኳት። የመጀመሪያው ፉንዲ፣ ማለትም መካኒክ፣ ክዳኑን ከፍቶ የረጋውን ሮዝ ዝቃጭ በጣቱ ነካና «የቴስታታው ጓርኒሲዮን ሄዷል፤ ሞተሩ ይፈታ» ብሎ ፈረደ። ሁለተኛው፣ ራዲያተሩ ውስጥ ያለው የካምቢዮ ዘይት ማቀዝቀዣ ተቀዷል፣ ካምቢዮውም ይወርዳል አለ። በሁለቱም ምክንያት እንዲህ ያለ ዝቃጭ እንደሚመጣ እውነት ነው። እኔ ግን ባዶውን ጠርሙስ በእጄ ይዤ ነው የሄድኩት! አንዳቸውም ዞር ብለው አላዩትም።

ትዕግሥቴ ያለቀው እዚህ ላይ ነው። የማያውቅ ሰው አያናድደኝም፤ እኔም የማላውቀው ብዙ ነው። «አላውቅም» ማለት እንዴት እንዲህ ነውር ሆነ? ቀጂው ጠርሙሱን ገልበጥ አድርጎ ቢያነብ፣ ፉንዲውም የሰው ሞተር ከማውረዱ በፊት «ምን ተጨምሮበት ነው?» ቢል ምን ይጎድልበታል? እኛስ? ኪሊማኒ ሰፈር ቡና ላይ ያማከርኳቸው ሁሉ፣ መንጃ ፈቃድ የሌለው ሳይቀር፣ መድኃኒት አዘዙ። አንዱ ኦሞ አለ። ሌላው በቤንዚን እጠበው አለኝ። ቤንዚን! በሚግል ሞተር! በሰው ንብረትና በሰው ነፍስ ላይ እንዲህ በእርግጠኝነት መናገር ንቀት ነው፤ ሌላ ስም የለውም።

ኦሞ ያለው ግን ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም፤ እሱን ይቅርታ ጠይቄዋለሁ። በመጨረሻ ያገኘሁት ዝምተኛ ምዜ፣ አዛውንት ፉንዲ፣ ቴርሞስታቱን አወጣ፤ የቅባት ማጽጃ ከውሃ ጋር ሞላ፤ የውስጥ ማሞቂያውን ከፍቶ ሞተሩን እያሞቀ፣ እያቀዘቀዘ፣ እየደፋ፣ ውሃው ላይ የዘይት ነጠብጣብ እስኪጠፋ ደጋገመው። መሃል ላይ ረዳቱ ከራሱ ኦሞ ጨምሮበት አረፋው የጁዋ ካሊውን፣ የሜዳ ጋራዡን፣ ግቢ ሞላው፤ የሰፈሩ ልጆች ደስታቸውን አልቻሉም። ምዜው አልተቆጣም። «ፖሌ»፣ ይቅርታ፣ ብሎኝ የሚለቀለቅበትን ውሃ ሊቀዳ ሄደ። እኔም ያ ሁሉ ንዴት የት እንደገባ እንጃ፣ ሻይ ገዛሁላቸው።

አሁን ኩላንቱ አዲስ ነው፣ ሙቀቱም ደህና ነው። የኩላንት ቱቦ የሚሠራበት ጎማ ግን ዘይት አይወድም፤ ዘይት ሲነካው ያብጣል፣ ይለሰልሳል። የላይኛውን ቱቦ በሁለት ጣት ስጫነው ይሰረጉድና ሊመለስ ይለግማል። ምዜው ሳትቆይ ቀይረው ብሎኛል። እንግዲህ ለፊልደር የሚሆን ኦሪጅናል የላይኛ ቱቦ ናይሮቢ ውስጥ የሚሸጥበትን የምታውቁ ካላችሁ ጠቁሙኝ። ኦሪጅናል የምለው «ኦሪጅናል» የሚል ያልተጻፈበትን ነው።