ውዳሴ በጀት

የወረዳ ምክር ቤቶቻችንን መውቀስ የሥራ ፈት ሁሉ ልማድ ሆኖ ስለ ከረመ፣ እኔ በጉራጌ የአገና ሰው ዛሬ ከወቃሾች ጉባኤ ተለይቼ ውዳሴ ለማቅረብ ተነሥቻለሁ፤ ለወጣቱ ዕቅድ የሚያወጡለትና ገንዘብ የሚመድቡለት ወገኖች የደከሙበትን ረቂቅ ሥራ እስከ ዛሬ በውል ያስተዋለላቸው የለምና። ረቂቅ ማለቴም፣ ሥራው እንደ መላእክት ባሕርይ በዓይን የማይታይ፣ በእጅም የማይዳሰስ መሆኑን ለመግለጽ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ የሚደነቀው ወጣት ማን እንደ ሆነ የሚለዩበት ጥበብ ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው ብሔራዊ የወጣቶች ፖሊሲ ወጣት የሚለው ከ15 እስከ 29 ዓመት ያለውን ነው፤ የአፍሪካ ወጣቶች ቻርተር ዕድሜውን ወደ 35 ሲያራዝምለት፣ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በቆጠራው 24 ላይ ያቆመዋል። እንግዲህ 30 ዓመት የሞላው የወረዳችን የእዣ ጐበዝ በአንዱ መዝገብ ከጐለመሰ የሰነበተ፣ በሌላው ትናንት የጐለመሰ፣ በሦስተኛው ገና ለጋ ሆኖ ይገኛል። የስብሰባ አዳራሾቻችን ግን ይህን ሁሉ ክርክር በአንድ ቃል ፈትተውታል፤ በዚያ ወጣት ማለት በወጣቶች ተወካይነት ስሙ የተጻፈ ሰው ነውና፣ ጠጉሩ ቢሸብት፣ የልጅ ልጅ ቢያይ እንኳ ስሙ ከመዝገብ እስካልተፋቀ ድረስ ከወጣትነቱ የሚሽረው የለም።

ቀጥሎ የሚመሰገነው የአመዳደቡ ሥርዓት ነው። የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ቀን ገብቶ ሰኔ 30 ቀን ይወጣል፤ ከመግባቱ በፊት ግን ከላይ «የበጀት ጣሪያ» የሚባል ነገር ይወርዳል። በዚህ ጣሪያ ሥር ደመወዝ በመቅደስ ይቆማል፣ ሥራ ማስኬጃ በቅድስት፣ ነዳጅና አበል በቅኔ ማኅሌት ይሰለፋሉ፤ ወጣቱም እንደ ነዳይ በደጀ ሰላም ተቀምጦ ቅዳሴው ሲያበቃ የሚተርፈውን ይጠብቃል። በጀቱ ያለ ጣሪያ ያደረበት ዓመት የለም፤ አንዳንዱ የወጣት ማዕከል ግን ግድግዳው ቆሞ፣ ጣሪያው ለከርሞ ሲተላለፍለት፣ ከርሞም ተራውን ለከርሞ ሲያስተላልፍለት ይኖራል።

ስሙን ልጠራው በማልወደው በአንድ ወረዳ፣ ዓመቱ ሊዘጋ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ ስለ ወጣቶች የመጫወቻ ስፍራ እጥረት ምክክር ሲደረግ ተገኝቼ ነበር። በየጠረጴዛው ላይ የታሸገ ውሃና በሳሕን የቀረበ ቆሎ ነበረ፤ ከመድረኩ በላይ በተሰቀለው ባነር ላይ የአምናው ዓመተ ምሕረት በወረቀት ተለጥፎ የዘንድሮው ተጽፎበታል። የስም መቆጣጠሪያው ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር፣ ተሰብሳቢው ጽሑፉን በግማሽ ጆሮ፣ የአበሉን መዝገብ ግን በሁለት ዓይኑ ይከታተል ነበር። በዚህ መካከል ከግቢው የተለጋ የጨርቅ ኳስ በመስኮት ገብቶ የሰብሳቢውን ቆሎ ደፋው። እርሳቸውም በታላቅ ቁጣ ዘበኛውን ጠርተው፣ «እነዚህን ልጆች ከግቢ አስወጣልኝ፤ ስለ ወጣቶች እየተነጋገርን ነው!» አሉ። ልጆቹ ወጡ፤ ጉባኤውም የመጫወቻ ስፍራ እጥረት መኖሩን በሙሉ ድምፅ አጸደቀ። ዕቅዱ መቶ በመቶ መከናወኑ በሪፖርት ሰፈረ፤ እኔም ውሸት አላገኘሁበትም፤ የታቀደው ስብሰባ ነበር፣ ስብሰባውም ተደርጓልና።

ይህ ጥበብ በወረዳ ብቻ የተወሰነ እንዳይመስላችሁ። በ2009 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 995 የወጣቶች ተዘዋዋሪ ፈንድ ሲቋቋም 10 ቢሊዮን ብር ተመድቦለት ነበር። ስሙን ያወጣለት ሰው ሀብተ ትንቢት የተሰጠው መሆን አለበት፤ በማኅበር ተደራጅ የተባለው ወጣት ከቀበሌ ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ብድርና ቁጠባ፣ ከዚያም ማኅተም ጐደለ ተብሎ ተመልሶ ወደ ቀበሌ ሲመላለስ ጫማው አልቋልና፣ ተዘዋዋሪው ገንዘቡ ነው ወይስ ወጣቱ የሚለው ጥያቄ ሊቃውንትን የሚያከራክር ምሥጢር ሆኖ ቀርቷል።

ከዚህ ሁሉ ሊቅነት አጠገብ ሳቆመው የአባቶቻችን አላዋቂነት ያሳፍረኛል። እነርሱ ስትራቴጂያዊ ዕቅድ ሳያወጡ፣ አማካሪ ሳይቀጥሩ፣ በሁለት ረድፍ በተሠሩ ጐጆዎች መካከል ሰፊውንና ሣራማውን ጀፎረ ዘርግተው አለፉ። ልጅ ይሮጥበታል፣ ፈረስ ይጋለብበታል፣ ሙሽራ ይታጀብበታል፣ ለሞተ ይለቀስበታል፤ በመስቀል ከአዲስ አበባ የሚገባው ጐልማሳ ከአብሮ አደጉ የሚገናኘው በእርሱ ላይ ነው። አጥሩን ወደ ጀፎረው የገፋ ሰው በአገር ሽማግሌ ፊት ቆሞ በባህላዊው ሕጋችን በቂጫ ይዳኝበታል። ዳሩ ግን የበጀት ኮድ የለውምና፣ በመዝገብ ሲፈለግ ጀፎረ የሚባል የወጣት መዋያ የለም። በ1950ዎቹም የጉራጌ ልጆች የመንገድ ሥራ ማኅበር አቋቁመው ከላባቸው እያዋጡ ወደ አገራቸው መንገድ ሲያስገቡ፣ ከመንገዱ በፊት አዳራሽና ባነር እንደሚቀድሙ የመከራቸው አልነበረም።

ክቡራን የምክር ቤት አባላት፣ ውዳሴዬን በዚህ ፈጽሜ አንዲት ልመና ላስከትል። በሚመጣው ሐምሌ በጀቱ ከመጽደቁ በፊት፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከአዳራሹ ውጡና በጀፎረው ሣር ላይ ተቀመጡ። አበል አይከፈልበትም፤ የስም መቆጣጠሪያም አያሻውም። ከግቢ ያስወጣችኋቸው ልጆች እዚያ ናቸው።